መድኃኒት የሚታወቀው በፈተና ነው

ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ወዳጅ በመከራ ቀን ይፈተናል። መድኃኒትስ በምን ይፈተናል ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፥ የብዙ ሰው መልስ «ጠጥቶ የዳነው ይመስክር» የሚል ነው። ይህ መልስ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሐኪሙም ሕመምተኛውም ብዙ ጊዜ የተሳሳቱበት መልስ ነው።

ትንቢተ ዳንኤልን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ በባቢሎን ንጉሥ ቤት የነበሩት ዕብራውያን ብላቴኖች ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት በፈለጉ ጊዜ፥ ዳንኤል ለጠባቂያቸው ያቀረበው ክርክር አልነበረም፤ ፈተና ነበር እንጂ። እነርሱ ለዐሥር ቀን ጥራጥሬ በልተው ውኃ ጠጥተው እንዲቆዩ፥ ከዚያም ፊታቸው ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ብላቴኖች ፊት ጋር ጎን ለጎን እንዲታይ ጠየቀ። ቀኑ ተቈጠረ፤ ሁለቱ ወገን ተነጻጸረ፤ ፍርዱም የተሰጠው ከታየ በኋላ ነው። በዛሬ ዘመን ያሉት የሕክምና ሊቃውንት አንድን መድኃኒት ለመመርመር የሚሄዱበት መንገድ በጣም የረቀቀ ቢሆንም፥ ሥሩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ዛሬ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር በአሜሪካ አገር የተፈጸመ አንድ የመድኃኒት ፈተና ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2024 ዓመት፥ በሴፕቴምበር ወር፥ «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተባለው የሐኪሞች መጽሔት፥ ፖማሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት ከወላጅ ወደ ልጅ በሚወርድ አንድ የመድማት ሕመም ላይ ተፈትኖ ያስገኘውን ውጤት አትሞ አወጣ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ ከ2013 ዓመት ጀምሮ በአሜሪካ ለመቅኔ ካንሰር የተፈቀደ ነው። ሕመሙም አዲስ አይደለም፤ ሐኪሞች ካወቁት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ የሆነው ነገር ሁለቱ በሥርዓት ተገናኝተው መመርመራቸው ነው። ነገሩ ጥቂቶች ሕመምተኞችን ብቻ የሚመለከት መስሎ ቢታይም፥ በውስጡ ያለው ትምህርት ለሕዝብም ለመንግሥትም የሚሆን ስለ ሆነ፥ ከመሠረቱ ጀምረን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

ሕመሙ እንዲህ ነው። በጤነኛ ሰው አካል ውስጥ ደም ከልብ በደም ቅዳ ይወጣል፤ ከፀጉር ይልቅ በቀጠኑ የደም ሥሮች መረብ ውስጥ አልፎ ለሥጋ የሚያስፈልገውን ካደለ በኋላ፥ በደም መልስ ወደ ልብ ይመለሳል። ይህ ሕመም ባለበት ሰው ግን በአንዳንድ ስፍራ ያ የመካከሉ መረብ ይጎድልና ደም ቅዳው ከደም መልሱ ጋር በቀጥታ ይጋጠማል። ከተራራ የሚወርድ ውኃ በመስኖ ቦዮች ሳይከፋፈል ባንድ ጊዜ ወደ እርሻው ቢለቀቅ መደቡን እንደሚያፈርስ ሁሉ፥ በኀይል የሚመጣው ደምም ግድግዳው የሳሳውን ሥር ይነፋዋል፤ በጥቂት ምክንያትም ያደማዋል። ትንንሾቹ በአፍንጫ ውስጥ፥ በከንፈርና በምላስ፥ በጣት ጫፍም ላይ እንደ ቀይ ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ በሆድ ዕቃም ውስጥ ይገኛሉ። ትልልቆቹ ግን በሳንባ፥ በጉበትና በአንጎል ውስጥ ተሰውረው ይኖራሉ፤ ሰውየውም ሳያውቀው ኖሮ ባንድ ቀን ለብርቱ አደጋ ሊያጋልጡት ይችላሉ።

ስለዚህ ሕመም ፈረንሳዊው ሐኪም ራንዱ በ1896፥ ኦስለር በ1901፥ እንግሊዛዊው ዌበር በ1907 ዓመት ስለ ጻፉ፥ ሕመሙ በሦስቱ ስም ይጠራል። ከወላጆቹ አንዱ ሕመሙ ያለበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም። የዚህም ምክንያት ሊቃውንት ጂን ብለው በሚጠሩት የዘር ቅንጣት ላይ የሚገኝ ጉድለት ሲሆን፥ የመጀመሪያው ጉድለት የታወቀው በ1994 ዓመት ነው። ሊቃውንቱ እንደ ገመቱት ሕመሙ ከ5,000 ሰው አንዱን ያገኛል፤ ይኸውም በየሚሊዮኑ ሕዝብ መካከል 200 ሰው ማለት ነው። ይህንኑ ልክ ይዘን ብንቈጥር፥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት በአገራችን ቍጥሩ ከ20 ሺህ ያልፋል። ብርቅ የሚባል ሕመም ተሰብስቦ ሲታይ አንድ ከተማ ይሞላል።

ከምልክቶቹ ሁሉ የሚበዛው ነስር ነው፤ ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ይነስራቸዋል። ነስር ሲባል ግን ልጅ በፀሐይ ሲጫወት ውሎ አፍንጫውን የሚያደማው፥ ጥቂት ቆይቶም የሚቆመው ዓይነት ብቻ አይምሰለን። ይህ በየቀኑ ሊመጣ የሚችል፥ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፥ ትራሱን አርሶ የሚያሳድር፥ በሰው ማዕድ ዙሪያ የተቀመጠውን ሰው በድንገት አስነሥቶ የሚያሳፍር ነስር ነው። ሕመምተኛው ለሠርግ ሲጠራ ነጭ ልብስ ለመልበስ ይፈራል፤ መንገድ ሲሄድ ስንት መሐረብ እንደሚበቃው ያስባል። ደሙም በየጊዜው ስለሚጎድል በአካሉ ውስጥ ያለው ብረት ያልቃል፤ ድካም፥ የትንፋሽ ማጠርና የልብ ምት መፍጠን ይከተሉታል፤ ብረት በደም ሥር ካልተሰጠው፥ ሲብስም የሰው ደም ካልተለገሰው ሥራውን ለመሥራት አይችልም። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት ኖሮ ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ስለ ጨረሰችው ሴት በወንጌል የሚነገረውን ያነበበ ሰው፥ የነዚህን ሰዎች ኑሮ ለመረዳት አይቸገርም። የፈተናው ውጤት በታተመበት በ2024 ዓመት እንኳ፥ በአሜሪካ ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ አንድም መድኃኒት አልነበረም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። የፖማሊዶማይድ ታሪክ ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም ይህ መድኃኒት የተወለደው በዓለም ሁሉ ከተወገዘ ቤተ ሰብ ነው። እናቱ ታሊዶማይድ ትባላለች። ይህች መድኃኒት በ1957 ዓመት በምዕራብ ጀርመን ለእንቅልፍና ለመረጋጋት ተብላ በገበያ ላይ ወጣች፤ ጉዳት የሌለባት ናት ተብሎም ተመሰከረላት። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ለማቅለሽለሽ እየወሰዷት፥ በብዙ አገር እጃቸውና እግራቸው ያልወጣ፥ ወይም አጥሮ የቀረ ሕፃናት ተወለዱ። በ1961 ዓመት መጨረሻ ነገሩ ታውቆ ከገበያ እስክትወጣ ድረስ የተጎዱት ልጆች ቍጥር 10 ሺህ ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። ይህ ሁሉ የደረሰው ክፋት በማሰብ አይደለም፤ በበቂ ሳይፈተን ምስክርነት ስለ ተሰጠ ነው።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ከዚህ መቅሠፍት በብዙ የተረፈችው በአንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ጥንቃቄ ነበር። ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉት ሴት በ1960 ዓመት ወደ አሜሪካ የመድኃኒት ቍጥጥር መሥሪያ ቤት ገብተው፥ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ ሆኖ የታሊዶማይድ የፈቃድ ጥያቄ ደረሳቸው። ኩባንያው ደጋግሞ ቢያስቸኩላቸውም፥ የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብለው ፈቃዱን አዘገዩ። በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት ላይ መድኃኒቷ የእጅና የእግር ነርቭ እንደምትጎዳ የሚገልጽ ደብዳቤ አንብበው ነበርና፥ ነርቭን የሚጎዳ ነገር በማኅፀን ያለውን ፅንስ ምን ያደርገዋል ብለው ጠየቁ። እርሳቸው ጥያቄያቸውን ይዘው ሲጠብቁ የሕፃናቱ ወሬ ከአውሮጳ መጣ። በ1962 ዓመት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የክብር ሽልማት ሰጧቸው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕግ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ መድኃኒት ለገበያ የሚቀርበው፥ ይጠቅማል የተባለበት ነገር በሥርዓት ተፈትኖ ሲረጋገጥ፥ የሚፈተንባቸውም ሰዎች ነገሩን አውቀው ሲፈቅዱ እንዲሆን አዘዘ። አንባቢ ይህን ሕግ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ታሊዶማይድ ከዚህ በኋላ ተረስታ ትቀራለች ተብሎ ሲታሰብ፥ በ1964 ዓመት በኢየሩሳሌም ዶክተር ያዕቆብ ሼስኪን የተባሉ ሐኪም፥ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች በሚያጋጥማቸው ብርቱ የቆዳ ማበጥና ሥቃይ ምክንያት እንቅልፍ ላጡ ሕመምተኞች ያችኑ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጡ። ሕመምተኞቹ ከመተኛታቸውም በላይ እብጠቱና ሥቃዩ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀለለላቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ሲመረምሩ፥ ይህች መድኃኒት የአዳዲስ ደም ሥሮችን መብቀል እንደምትከለክል በ1994 ዓመት አስታወቁ። ካንሰር የሚያድገው ደም የሚያመጡለት አዳዲስ ሥሮች ሲበቅሉለት ነውና፥ መድኃኒቷ ለመቅኔ ካንሰር ተሞክራ ጠቀመች። ከእርሷም እየተሻሻሉ የተሠሩ ልጆቿ ተከተሉ፤ ፖማሊዶማይድ ከነዚህ አንዱ ነው።

የደም ሥርን አበቃቀል የሚገታ መድኃኒት፥ ሥሮቹ ያለ ሥርዓት በበቀሉበት ሰው ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ የተነሣውም ከዚህ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ፥ ይህ የመድማት ሕመም ላለባቸው ጥቂት ሰዎች ታሊዶማይድን የሰጡ ሐኪሞች መድማታቸው እንደ ቀነሰ ጻፉ። በ2010 ዓመት ደግሞ የአውሮጳ ሊቃውንት በሰባት ሕመምተኞችና በአይጦች ላይ ተመልክተው፥ መድኃኒቷ የሳሳውን ሥር በዙሪያው በሚደግፉት ሕዋሳት እንደምታጠነክር አስረዱ። ነገር ግን ታሊዶማይድ ለረጅም ጊዜ ስትወሰድ የእጅና የእግርን ነርቭ ታደነዝዛለች፤ ይኸውም ቀድሞ ዶክተር ኬልሲን ያስጠረጠራቸው ያው ጉዳት ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ በነርቭ ላይ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ልጁ ወደ ፖማሊዶማይድ ዓይናቸውን መለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «መንገዱ ከታወቀ፥ ሕመምተኞቹም ከተሠቃዩ፥ ለምን ዝም ብሎ አይሰጣቸውም? ስለ ምን ለእኩሉ መድኃኒት ለእኩሉ ባዶ ክኒን እየሰጡ ሰውን ያጉላላሉ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ነውና መልስ ይገባዋል። መልሱም ከዚሁ ሕመም ታሪክ ይገኛል። ቤቫሲዙማብ የሚባል፥ እርሱም ለካንሰር የተሠራና የደም ሥርን አበቃቀል የሚገታ ሌላ መድኃኒት አለ። ሐኪሞች ይህን በአፍንጫ የሚረጭ አድርገው ለሕመምተኞች ሲሰጡ፥ ብዙዎቹ ተሻለን አሉ፤ ተስፋውም ከፍ አለ። በ2016 ዓመት ግን የሁለት ፈተናዎች ውጤት ባንድነት ታተመ፤ አንደኛው በፈረንሳይ በ80፥ ሁለተኛው በአሜሪካ በ121 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ነበር። በአሜሪካው ፈተና ሕመምተኞቹ በአራት ተከፍለው፥ ሦስቱ ወገን ልዩ ልዩ መድኃኒት፥ አራተኛው ወገን ግን ጨው ያለበት ውኃ ብቻ በአፍንጫቸው ሲረጩ ቆዩ። በመጨረሻም ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱም ከጨው ውኃው በልጦ አልተገኘም፤ የፈረንሳዩም እንዲሁ ሆነ።

ምክንያቱን ማስተዋል አያስቸግርም። ነስር አንድ ወር ይከፋል፤ አንድ ወር ይቀላል። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው በከፋበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ምንም ባይደረግለት እንኳ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወር ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆናል። በዚህ ላይ ተስፋው፥ የሐኪሙ ክትትል፥ የአፍንጫውም በውኃ መርጠብ ይጨመራል። እንግዲህ መድኃኒት ወስዶ የተሻለው ሰው «ዳንኩ» ሲል አይዋሽም፤ ያዳነው ምን እንደ ሆነ ግን ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚለየው አጠገቡ ሆኖ፥ በሌላው ነገር ሁሉ ከርሱ ጋር ተመሳስሎ፥ መድኃኒቱን ብቻ ሳይወስድ የቆየው ሰው ነው። ባዶውን ክኒን የዋጠው ሕመምተኛ እንግዲህ ተጉላላ የሚባል አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ሚዛን ሆኖ ያገለገለ ነው።

በፖማሊዶማይድ ላይ የተደረገው ፈተና በዚህ ሥርዓት የተመራ ነበር። ፈተናውን ከመሩት ሐኪሞች መካከል በክሊቭላንድ ከተማ ዶክተር ኪት ማክሬ፥ በቦስተን ከተማም ዶክተር ሃኒ አል ሳምካሪ ይገኛሉ። ሥራው የተጀመረው በ2019 ዓመት መጨረሻ ሲሆን፥ በአሜሪካ በሚገኙ 11 የሕክምና ማዕከሎች 144 ሕመምተኞች ነገሩ ተገልጾላቸው በፈቃዳቸው ገቡ። ከነዚህም በዕጣ 95 ሰዎች በየቀኑ 4 ሚሊግራም ፖማሊዶማይድ እንዲወስዱ፥ 49 ሰዎች መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ክኒን እንዲወስዱ ተደረገ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሕመምተኛውም አያውቅም፥ ሐኪሙም አያውቅም ነበር፤ ተስፋ ዓይንን እንዳያታልል የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ይህም ለ24 ሳምንት ቆየ።

የመድማቱ ብርታት የሚለካው ነስሩ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ፥ ምን ያህል እንደሚቆይ፥ ምን ያህል እንደሚበረታ፥ ሐኪም ያስፈልገው እንደ ሆነ፥ የደም ማነስ እንዳለና ደም ተለግሶ እንደ ሆነ በሚጠይቁ ስድስት ጥያቄዎች ነው። ከነዚህም መልስ ከ0 እስከ 10 የሚደርስ ቍጥር ይወጣል፤ ቍጥሩ ከፍ ሲል ሕመሙ ከፋ ማለት ነው። ፈተናው ሲጀመር የሕመምተኞቹ አማካይ ቍጥር 5 ነበር። በ24ኛው ሳምንት በሁለቱም ወገን ቍጥሩ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ግን ባዶውን ከወሰዱት ይልቅ በ0.94 ዝቅ አሉ። ለሕመምተኛ በኑሮው የሚታወቅ ለውጥ የሚባለው ቢያንስ 0.71 ስለ ሆነ፥ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሕመሙ በኑሯቸው ላይ የሚያሳድረው ጭንቀትም መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ይበልጥ ቀለለ። ጥቅሙ በፈተናው መካከል በተደረገ ምርመራ አስቀድሞ ስለ ታየ፥ በ2023 ዓመት በጁን ወር አዲስ ሕመምተኛ መቀበል ቆመ፤ ጥቅሙ ከታወቀ በኋላ ሰውን በባዶ ክኒን ማቆየት አይገባምና።

ከላይ ያነሣነውን ሕግ አሁን እናስታውሰው። ታሊዶማይድ ባደረሰችው ጥፋት ምክንያት የወጣው የ1962 ዓመት ሕግ፥ ከስድሳ ዓመት በኋላ የታሊዶማይድን ልጅ በፍርድ ወንበር ፊት አቁሞ መረመረው። የእናቱ ስም አላስፈረደበትም፤ የሕመምተኞቹም እንባ ያለ ምርመራ አላሳለፈውም። በእናቱ ጥፋት ምክንያት ሳይፈተን ተጥሎ ቢሆን ኖሮ፥ በየሌሊቱ ትራሳቸውን በደም የሚያርሱት ሰዎች ተስፋ በቀረ ነበር። የጥቂት ሰዎች ምስክርነት ብቻ ተሰምቶ ለሁሉ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ፥ የ1957 ዓመት ስሕተት በሌላ ስም በተደገመ ነበር። ፍርሃትና ችኰላ ሁለቱም መጥፎ ዳኞች ናቸው።

በፈተና ማለፍ ማለት ግን ነውር የለበትም ማለት አይደለም። መድኃኒቱን በወሰዱት መካከል የነጭ ደም ሕዋሳት ማነስ፥ የሆድ ድርቀትና የቆዳ ሽፍታ በዝቶ ታይቷል። የነጭ ደም ሕዋሳት ሲያንሱ ሰውነት ተላላፊ በሽታን የመከላከል ኀይሉ ይደክማል፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ እንደሚችልም የታወቀ ነው። ከሁሉ በላይ፥ እንደ እናቱ ሁሉ፥ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም፤ ልትፀንስ የምትችል ሴትም ያለ ብርቱ ጥንቃቄና ያለ ሐኪም ክትትል ልትወስደው አይፈቀድም። ከዚህም በቀር 24 ሳምንት ለፈተና ይበቃል እንጂ፥ ዕድሜ ልክ ከሚኖር ሕመም ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው። መድኃኒቱ መድማቱን ቀነሰ እንጂ ሕመሙን ከሥሩ አልነቀለም። ይህን ሁሉ ሳይሸሽጉ መጻፍ የዚህ ዓይነቱ ፈተና ሌላው ክብሩ ነው።

አሁን የመንግሥትን ነገር እንመልከት። ነጋዴ መድኃኒትን የሚያስፈትነው ትርፍ ሲያይበት ነው፤ ይህም የንግድ ጠባይ ስለ ሆነ ብቻውን አያስወቅሰውም። ነገር ግን ሕመምተኛው ጥቂት በሆነበት፥ መድኃኒቱም አስቀድሞ በሌላ ገበያ በሚሸጥበት ጊዜ፥ ለአዲስ ፈተና የሚወጣው ገንዘብ ለነጋዴው ተመልሶ የሚገባ ላይመስለው ይችላል። አሜሪካ በ1983 ዓመት፥ ሕመምተኞቻቸው ጥቂት ለሆኑ ሕመሞች መድኃኒት የሚሠራውን በልዩ ጥቅም የሚያበረታታ ሕግ ያወጣችው ይህን አይታ ነው። የፖማሊዶማይድን ፈተና ወጪ የቻለውም የአሜሪካ መንግሥት የልብ፥ የሳንባና የደም ምርምር ተቋም ነው፤ ገንዘቡም ግብር ከሚከፍለው ሕዝብ የተሰበሰበ ነው። ነስር አንድ ቀን ይዞት የማያውቅ ገበሬና ነጋዴ፥ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሕመምተኛ ከፈለ። የሕዝብ ግምጃ ቤት ማለት ትርጓሜው ይህ ነው፤ ገበያ የማይደርስበትን ሰው የሚደርስለት እርሱ ነው።

ይህ ነገር ወደ እኛ ሲመለስ ሦስት ምክር ያስተላልፋል።

የመጀመሪያው ለሕመምተኛውና ለቤተ ሰቡ ነው። ነስር በአንድ ቤት ከአያት ወደ አባት፥ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ከሆነ፥ በከንፈርና በጣት ላይም ቀይ ነጥቦች ከታዩ፥ ነገሩን እንደ ተራ ነስር ሳይንቁ ወደ ሐኪም ሄዶ የቤተ ሰቡን ታሪክ ጭምር መንገር ይገባል። በሳንባና በአንጎል የተሰወረውን አስቀድሞ መርምሮ ማከም ይቻላልና። ሲነስርም በራስ ላይ ውኃ ማፍሰስና ቀና ብሎ መተኛት ልማድ ቢሆንም፥ ቀና ማለት ደሙን ወደ ጉሮሮ ያወርደዋል እንጂ አያቆመውም፤ የሚሻለው ተቀምጦ ጥቂት ወደ ፊት አጎንብሶ፥ የአፍንጫን ለስላሳ ክፍል በጣት ጥብቅ አድርጎ ይዞ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት ነው። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ፖማሊዶማይድን በዘመድ በኩል ከውጭ አገር ለማስመጣት የሚያስብ ካለ ግን፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይነካው አጥብቀን እንመክራለን።

ሁለተኛው ለሐኪሞቻችን ነው። የኢየሩሳሌሙ ሐኪም ታሪክ እንደሚያስረዳው፥ ታላቅ ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ባንድ አልጋ አጠገብ፥ ባልታሰበ ምልክት ነው። ያን ያየ ሐኪም ንቆ ቢያልፈው ለዓለም ጥቅም በቀረ ነበር፤ ያየውንም ሳያስፈትን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ቢያውጅ ለዓለም አደጋ በሆነ ነበር። ስለዚህ ያዩትን በጥንቃቄ መጻፍ፥ የጻፉትን ለጓደኞቻቸው ማሳየት፥ ከዚያም ለፈተና ማቅረብ ከሐኪም የሚጠበቅ ነው።

ሦስተኛው መድኃኒት እንዲገባና እንዲሸጥ ለሚፈቅዱት፥ ለምርምርም ገንዘብ ለሚመድቡት ነው። ዶክተር ኬልሲ የጦር መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ብዕር፥ በጠረጴዛቸው ላይ ያለው መዝገብና «ማስረጃው አይበቃም» የሚለው ቃል ነበር። በዚህ ቃል ጸንተው የብዙ ልጆችን እጅና እግር ጠበቁ። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሠራተኛ ሁሉ፥ ባለ ጉዳይ አስቸኰለኝ ብሎ ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት ይህችን ሴት ቢያስባት መልካም ነው። ነገር ግን የተቈጣጣሪ ሥራ መከልከል ብቻ እንዳልሆነም ያስተውል፤ ለተገባው ፈተና መንገድ መክፈት፥ የተፈተነውንም ሳያጓትቱ ለሕመምተኛው ማድረስ የዚያው አደራ እኩሌታ ነው።

በዚያ ፈተና ውስጥ ባዶውን ክኒን የወሰዱትን 49 ሰዎች ሳናነሣ ጽሑፋችንን አንዘጋም። ስማቸው በጋዜጣ አልወጣም፤ በየዕለቱ ክኒናቸውን እየዋጡ፥ በየዕለቱም የነሰራቸውን እየጻፉ ቆዩ። ዕጣው ለየትኛው ወገን እንዳወጣቸው ሳያውቁ፥ ሚዛኑ እውነተኛ እንዲሆን ፈቀዱ። ነገ በአንድ ሩቅ አገር አንዲት እናት ሌሊቱን ሳትደማ አድራ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ፥ ከመድኃኒቱ ሠሪ ጋር እነርሱም ምስጋና አለባት።